የላስታ ተማሪ፥ መሣሪያውና ፍለጋው

በላስታ ስላለችው ላሊበላ የሚጻፈው ሁሉ ማለት ይቻላል ስለ ዐለቱ ነው፤ ንጉሥ ላሊበላ በ12ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ አሳነጻቸው ስለሚባሉት 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ያልተናገረ ጸሐፊ የለም። እኔ ግን በዚያው ደብር ጥላ ሥር፥ በሣር ጎጆ፥ ለዘመናት ሲማር ስለ ኖረው የቆሎ ተማሪ፥ ይልቁንም በእጁ ስለያዘው መሣሪያና ያን ለማግኘት ስለዞረው ዙረት ማውሳት እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ተማሪ ስለ ዕቃ ያለውን አስተያየት ዛሬ የምንሰማው ስለ ስልክና ስለ ኮምፒዩተር ሲከራከር ብቻ ስለ ሆነ፥ የጥንቱ ተማሪም ዕቃ ያማረጠና የነቀፈ መሆኑን ዘንግተናል።

የዚያ ተማሪ ንብረት ጥቂት ነው፤ ብርዱን የሚመክትበት የበግ ለምድ፥ የለመነውን ቁራሽ የሚያኖርበት አኩፋዳ፥ ውሻ የሚከላከልበት በትር፥ ዕድል ከቀናውም በማኅደር የተንጠለጠለ ዳዊት። ትምህርቱን አሰምቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ሲዞር የሚፈልገው ግን እንጀራ ብቻ አልነበረም። መጻፍ ለሚማረው ሰው መሣሪያን የሚሸጥ ሱቅ ስላልነበረ፥ እያንዳንዱ ነገር ከባላገሩ ቤት፥ ከወንዝ ዳርና ከዱር ተለቅሞ መምጣት ነበረበት።

ጥቁሩን ቀለም እንውሰድ። ከድስትና ከምጣድ ሥር የተፋቀ ጥቀርሻ፥ እስኪከስል የታመሰ እህልና ቅጠላ ቅጠል ተወቅጦ በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያም እየታሸና እየተማሰለ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ ቀለም ለመበጥበጥ ያሰበ ተማሪ፥ እመቤቲቱን ከቁራሹ ጋራ የምጣድዋን ጥቀርሻ ጭምር ሳይለምን አይሆንለትም። ብዕሩ ከመቃ ነው፤ መቃው ደርቆ ጫፉ በሰያፍ ይቀረጥና መካከሉ ይሰነጠቃል፤ የለሰለሰው መቃ ቀለም እየጠጣ ፊደሉን ያደፈርሳል፥ የጠጠረው ደግሞ ብራናውን ይቧጭራል፤ ስለ ሆነም ቀራጩ ጫፉን በጥፍሩ ሞክሮ ነው የሚፈርድበት። ብራናው የፍየል ወይም የበግ ሌጦ ተነክሮ፥ በእንጨት ተወጥሮ፥ ስቡ ተፍቆና ጠጕሩ ተላጭቶ የሚገኝ ሲሆን፥ መስመሩ የሚሰመረው በቀለም ሳይሆን በወስፌ ጫፍ ነው። ጸሐፊው ለሥራ ሲቀመጥ ሁለት ቀንድ ከአጠገቡ መሬት ላይ ይተክላል፤ በአንደኛው ጥቁሩ፥ በሁለተኛው ስመ አምላክና የቅዱሳን ስም የሚጻፍበት ቀዩ ቀለም ይሞላል፤ ለየቀለሙም የተለየ ብዕር አለው። ይህን ሁሉ በእጁ ያለፈ ሰው ስለ መሣሪያ የሚሰጠው ቃል፥ ገዝቶ ከሚጠቀም ሰው ቃል ይልቅ ክብደት እንዳለው አልጠራጠርም።

ምንም መሣሪያ የማይጠይቀው ትምህርት ደግሞ የሌሊቱ ነበረ። ዘይትና ጧፍ ብርቅ ስለ ነበሩ፥ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ተማሪዎች በጨለማ ተቀምጠው የቃል ትምህርታቸውን፥ ውዳሴ ማርያሙንና የመሳሰለውን፥ ከመምህሩ ወይም ከታላቁ ተማሪ አፍ ይቀበላሉ። ድህነት የወለደው ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን መጽሐፉ ቢቃጠል ወይም ቢዘረፍ እንኳ ንባቡ እንዳይጠፋ አድርጎአል።

ከፍለጋው ሁሉ የከበረው የቅኔ ፍለጋ ነው። ላስታን የሚጎራበተው ዋድላ፥ ከጎጃሞቹ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋራ፥ በቅኔ ቤት ስሙ የሚጠራ ስለ ሆነ፥ የላስታ ተማሪ ጓዙን ጠቅልሎ ወደዚያ መሻገሩ የታወቀ ነበረ። የቅኔ ተማሪ መምህሩ መንገዱን ካሳየው በኋላ ብቻውን ወደ ጥሻ ወይም ወደ ዛፍ ጥላ ሄዶ ይቆጥራል፤ በመጀመሪያ ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና፥ ከዚያ እየጨመረ እስከ መወድስ፤ ሰሙን አግኝቶ ወርቁን እስኪያገኝ ድረስ ቀኑ ይመሽበታል። ቅኔ ትናንት የተባለ ዛሬ የማይደገም በመሆኑ፥ የባልንጀራውን ይዞ ቢመጣ የኔታ አይቀበሉትም። ማታ ያገኘውን በጉባኤው ፊት ይነግራል፥ መምህሩም ያርሙለታል። በዓለም ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ለጨዋታ የተደበቀ ነገር ሲፈልጉ ይታያሉ፤ የእኛ ሀገር የቅኔ ተማሪ ሲፈልግ የሚውለው ማንም ያልደበቀውን፥ ገና ያልተፈጠረውን ነገር ነበረ፤ ይህን ሥርዓት ከማደንቀው በላይ የማደንቀው የትምህርት ዘዴ የለም።

ለውጡ የመጣው በየተራ ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ የታተመው መጽሐፍ እየተስፋፋ ሄደ፤ የብራና ዳዊት ለመግዛት ዐቅም ያልነበረው ልጅ የወረቀቱን በማግኘቱ ተጠቀመ፥ ይህንም በምስጋና መናገር ይገባል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን አድባራት የጉባኤ ቤቶቻቸውን ይረዱበት የነበረውን ርስት አጡ፤ በ1977ቱ ረኃብም የላስታ ባላገር ለራሱ የሚቀምሰው ሲያጣ ተማሪው የሚለምንበት ደጅ ተዘጋ። እንግዲህ የጥንቱን ጥበብ ያደከመው የመሣሪያ መለወጥ ብቻ እንዳይመስለን፤ ከወረቀቱ ይልቅ የመምህሩና የተማሪው ምግብ መታጣት ጎድቶታል። ዛሬ የዜማ ተማሪ የመምህሩን ድምፅ በስልክ ቀርጾ መልሶ ይሰማል። እኔ ይህን አልነቅፍም፤ ብራናም በጊዜው አዲስ መሣሪያ ነበረ። የምነቅፈው የተቀረጸው ድምፅ በመምህሩ ፊት የሚደረገውን ቅጸላ የሚተካ መስሎት ከጉባኤው የሚቀረውን ተማሪ ነው፤ ስልክ ዜማውን ያሰማል እንጂ የተሳሳተውን አያርምም።

በ1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅት፥ በአሜሪካ ሚኔሶታ ካለው የገዳም ቤተ መጻሕፍት ጋራ ተባብሮ፥ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትን መጻሕፍት ጭምር በፊልም አነሣ። ቃሉ ዳነ ማለት ነው። ቀለሙን የሚበጠብጠው፥ መቃውን የሚቀርጠውና ብራናውን የሚፍቀው እጅ ግን ከፊልሙ ውጭ ቀርቶአል። ስለዚህ ለገና በዓል ወደ ላሊበላ የምትወጡ ወጣቶች፥ በቤተ ማርያም ቅጥር ላይ የሚዜመውን ቤዛ ኵሉ በስልካችሁ ከቀረጻችሁ በኋላ፥ ወደ አንድ ጉባኤ ቤት ጎራ በሉ፤ የቀለም ሥራ የሚያውቅ አረጋዊ ካገኛችሁ ፈቃዱን ጠይቃችሁ ከጥቀርሻው እስከ ቀንዱ ያለውን ሥራ ቅረጹ፥ ለተማሪዎቹም ስንቅ ሳትተዉ አትመለሱ።