የሐሞት ጠጠር የት ይሠራል? ከበርሊን እስከ ሆንግ ኮንግ

ጉበት የሚያመነጨው ሐሞት እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ በተሠራጩ ቀጫጭን ቦዮች ተሰብስቦ በአንድ የጋራ ቦይ ወደ አንጀት ይወርዳል። ሐሞቱ የሚጠራቀምበትም ከረጢት በመንገዱ ዳር ይገኛል። ጠጠር የጋራውን ቦይ ሲደፍነው ሐሞቱ ወደ ደም ይመለስና የሕመምተኛው ዓይን ቢጫ ይሆናል። በአገራችን የወፍ በሽታ የሚባለው ምልክት ይኸው ነው፤ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ግን ጠጠር ብቻ አይደለም።

በ1882 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ካርል ላንገንቡኽ የተባለ ሐኪም በበርሊን ከተማ የአንድ የ43 ዓመት ሰው የሐሞት ከረጢት ሙሉ በሙሉ ቆርጦ አወጣ። ከእርሱ በፊት የነበሩት ሐኪሞች ከረጢቱን ከፍተው ጠጠሩን ብቻ ይለቅሙ ነበር። ላንገንቡኽ ግን ጠጠሩን የሚሠራው ከረጢቱ ራሱ ስለሆነ፣ እርሱ ካልወጣ ጠጠሩ ተመልሶ ይበቅላል ሲል አሰበ። ሕመምተኛው ዳነ፤ አሳቡም ቀስ በቀስ እንደ ሕግ ተቆጠረ። በ1890 ዓ.ም. ደግሞ በስዊዘርላንድ ሉድቪግ ኩርቯዚዬ የጋራውን ቦይ ሰንጥቆ ጠጠር በማውጣት ከተሳካላቸው የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች አንዱ ሆነ። ያም ጠጠር ቢሆን ከከረጢቱ የወረደ ነው ይባል ነበር። በአውሮፓ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እውነት ነው።

ሕጉ ያልሠራው በሆንግ ኮንግ ነበር። በዚያ ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና መምህር የነበረው ኬኔልም ዲግቢ በ1930 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከጋራው ቦይ የሚያወጣው ጠጠር ምንጩ ጉበት መሆኑን አስረዳ። የዚህ ዓይነቱ ጠጠር ቡናማና በጣት ሲጫኑት እንደ ጭቃ የሚፈረካከስ ነው። ከረጢቱ ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ ይገኛል። እንግዲህ ከረጢቱን ቆርጦ መጣል ምን ይጠቅማል? ትኩሳቱ፣ ብርድ ብርድ ማለቱና ቢጫነቱ ተመልሶ ይመጣል፤ የሕመምተኛውም ሆድ ለሁለተኛ ለሦስተኛ ጊዜ ይከፈታል።

ምክንያቱን ጃፓናዊው ማኪ በ1966 ዓ.ም. አብራራ። ከአንጀት ወደ ቦዩ የወጡ ባክቴሪያዎች በኢንዛይማቸው በሐሞት ውስጥ የሟሟውን ቢሊሩቢን ይለውጡታል፤ የተለወጠውም ከካልሲየም ጋር ተዋህዶ ይዘቅጣል። (የኬሚስትሪ መምህራን በሰሌዳ ላይ ሊያሳዩት የሚገባ ነገር ነው።) ስለዚህ የሐኪሙ ተግባር ጠጠሩን ማውጣት ብቻ ሳይሆን ሐሞቱ እንዳይታቆር ማድረግ ሆነ። ለዚህም ቦዩን ከአንጀት ጋር በሰፊው ያገናኙታል፤ ወይም በጠጠር የተሞላውንና የጠወለገውን የጉበት ክፍል፣ አብዛኛውን ጊዜ የግራውን፣ ቆርጠው ያወጡታል። ጉበት የጎደለውን የሚተካ አካል ባይሆን ኖሮ ይህ አይደፈርም ነበር። ዛሬ በቀጭን መመልከቻ ቱቦ ገብቶ ጠጠሩን መሰባበርም ይቻላል፤ ሆኖም መልሶ የሚበቅልበት ሕመምተኛ አይታጣም።

ላንገንቡኽ ተሳስቶ ነበር ማለት አይደለም፤ ለከረጢት ጠጠር ዛሬም ሕክምናው የእርሱ ነው። በጃፓን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አመጋገብና ኑሮ ሲለወጥ ቡናማው ጠጠር እየቀነሰ፣ የአውሮፓውያኑ ዓይነት ደግሞ እየበዛ ሄዷል።