ከፎቶው ጀርባ ምን ተጽፏል?

የፎቶ ጀርባ ታውቃላችሁ? አዎ፣ ጀርባውን። ነጩን በኩል። በስልክ ካሜራ ላደግን ለኛ ጥያቄው ግር ሊለን ይችላል፤ የስልክ ፎቶ ጀርባ የለውማ! የእናቶቻችንና የአባቶቻችን ፎቶዎች ግን ጀርባ አላቸው። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ለሎተሪ አሸናፊ ቼክ የሚጻፍ ይመስል በጥንቃቄ፣ ቀኑ፣ ቦታው፣ የሚሰጠው ሰው ስምና «ለማስታወሻ» የሚል ቃል ይሰፍርበታል። ፊቱ ሰውየው ምን እንደሚመስል ይነግረናል። ለማን፣ መቼና ለምን እንደተነሣ የሚነግረን ግን ጀርባው ነው።

የዛሬው ወጋችን ስለዚህ ጀርባ ነው። ፎቶ ማንሣት እንጀራቸው ያልሆነ ሰዎች የዕለት ኑሯቸውን በፎቶ አስቀርተው ታሪኩን በራሳቸው አፍ መናገር የጀመሩት እንዴት ነው? እነሱ ካልተናገሩስ ማን ይናገርላቸዋል?

ሌሎች የተናገሩለት ልጅ

ከኋለኛው ጥያቄ እንጀምር። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች። የእንግሊዝ ጦር ሲዘምት መድፍና ዝሆን ብቻ አልነበረም ይዞ የመጣው፤ ካሜራ የያዙ የመሐንዲስ ክፍል ወታደሮችም አብረውት ነበሩ። ሲመለስ ደግሞ የአፄ ቴዎድሮስን ልጅ ልዑል ዓለማየሁን ይዞ ሄደ። አባቱ ሞተዋል። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅም በመንገድ ላይ ሞቱ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1868፣ ይህ የ7 ዓመት ልጅ አይል ኦፍ ዋይት በተባለች የእንግሊዝ ደሴት ካሜራ ፊት ተቀመጠ።

ያነሣችው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ነበረች። የሚገርመው፣ እሷም በሙያው ያደገች አልነበረችም። የመጀመሪያዋን ካሜራ ያገኘችው በ48 ዓመቷ፣ ከልጇና ከአማቿ በስጦታ ነው። ዛሬ በፎቶግራፍ ታሪክ ስሟ ከታላላቆቹ ተርታ ይጠራል። ያኔ ግን ገና አምስት ዓመት ያልሞላት፣ በራሷ ጥረት የተማረች አንሺ ነበረች። ከፎቶዎቹ በአንዱ ልዑሉ ብቻውን አለ። በሌላው ደግሞ ሞግዚቱ ካፒቴን ስፒዲ የሐበሻ ልብስ ለብሶ አብሮት ይታያል። የልጁን ዓይን ያየ ሰው ፎቶውን ቶሎ አይረሳውም።

ከፎቶዎቹ ጋር ወደኛ የመጣው ቃል ግን የአንሺዋ፣ የሞግዚቱና የዘመኑ ጋዜጦች ነው። ዓለማየሁ በ18 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1879 እንግሊዝ ውስጥ ሞተ። በፎቶው ፊት በኩል አለ፤ ጀርባውን የጻፉት ግን ሌሎች ናቸው። የአገራችን የመጀመሪያዎቹ የፎቶግራፍ ዘመናት በብዛት እንዲህ ናቸው። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ጄራር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. ከ1867 እስከ 1935 የተነሡ የኢትዮጵያ ፎቶዎችን ሰብስበዋል። መጽሐፉ ሀብት ነው። ስታገላብጡት ግን ካሜራውን የያዘው እጅ ብዙ ጊዜ የሚስዮናዊ፣ የወታደር፣ የዲፕሎማት ወይም የመንገደኛ እጅ መሆኑን ታያላችሁ።

ካሜራ በአንድ ዶላር

የዓለም ነገር የተለወጠው በጆርጅ ኢስትማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 ኮዳክ የሚባል ካሜራ ለገበያ አወጣ። ዋጋው 25 ዶላር፣ ውስጡ ለ100 ፎቶ የሚበቃ ፊልም ነበረው። ፊልሙ ሲያልቅ ካሜራውን እንዳለ ለፋብሪካው ትልካላችሁ፤ ፎቶው ታትሞ፣ ካሜራው አዲስ ፊልም ጎርሶ ይመለስላችኋል። እስከዚያ ድረስ ፎቶ ማንሣት ኬሚካል መበጥበጥ፣ ጨለማ ክፍል መግባት፣ ከባድ የመስታወት ሰሌዳ መሸከም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ቁልፍ መጫን ብቻ ሆነ።

ይሁንና 25 ዶላር በጊዜው ትልቅ ገንዘብ ነው። እውነተኛው ለውጥ እ.ኤ.አ. በ1900 በአንድ ዶላር ብቻ ከተሸጠችው ብራውኒ ከምትባለው ሣጥን ጋር መጣ። ሲያስተዋውቋት ለሕፃናት ጭምር ነበር። ሕፃን ካነሣው፣ ማንም ያነሣዋል ማለት ነው። ፎቶ የሚነሣውም ነገር አብሮ ተለወጠ። ሹመትና ሠርግ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ውሻው፣ የልብስ ገመዱ፣ በር ላይ የተቀመጠችው አያት ፎቶ ሆኑ። የዕለት ኑሮ «ለፎቶ የማይገባ» መሆኑ ያኔ አበቃ።

እኛ ጋ በፎቶ ቤት በኩል

ብራውኒ ግን አዲስ አበባ ላይ በየጓዳው አልገባችም። እኛ ጋ ፎቶ መጀመሪያ ቤተ መንግሥት ነው የገባው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎች ነበሩ። ተራው ከተሜ ካሜራን የተዋወቀው ቀስ እያለ፣ በፎቶ ቤት በኩል ነው።

ፎቶ ቤት ማለት ምን እንደነበረ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። ፏፏቴና ዘንባባ የተሳለበት መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ከማንም ጋር የማያገናኝ ስልክ፣ ለሌለው የሚዋስ ኮትና ክራቫት። ከክፍለ ሀገር የመጣ ወጣት ኮቱን ተውሶ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ይነሣና ፎቶውን ለእናቱ ይልካል። ዛሬ አይተን እንስቅ ይሆናል። ጀርባውን ብታነቡት ግን ሳቁ ይቆማል፤ ልጁ «ደህና ነኝ፣ አታስቡ» ማለቱ ነዋ! ኮቱ የተውሶ ነው፣ መልእክቱ ግን የራሱ ነው።

ቀጥሎ የሰፈር ባለካሜራ መጣ። ከውጭ የመጣ ዘመድ ያመጣለት፣ ወይም ከደመወዙ አጠራቅሞ የገዛ። ልደት፣ ክርስትና፣ ኢድ፣ ምርቃት ላይ የሚጠራው እሱ ነው። አንድ ፊልም 36 ፎቶ ነው፤ ስለዚህ ማንም ዝም ብሎ ጠቅ አያደርግም። ፊልሙ ሳያልቅ አይታጠብም። ለዚህ ነው በአንድ ጥቅል ነጋቲቭ ላይ ፋሲካና እንቁጣጣሽ ጎን ለጎን የሚገኙት። የድሮ አልበሞቻችን ቅደም ተከተል የሚያስቸግረንም በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው፤ የትኛው መቼ እንደሆነ የሚያውቀው ሰውየው ብቻ ነው።

ሥዕሉን ሳይሆን ወሬውን

አሁን ወደ ቻይና ብቅ እንበል። እ.ኤ.አ. በ1992 ዩናን በተባለው ክፍለ ሀገር ለ62 የገጠር ሴቶች ቀላል ካሜራ ተሰጣቸው። ሐሳቡ የካሮላይን ዋንግና የሜሪ አን በሪስ ነበር። አብዛኞቹ ሴቶች ከዚያ በፊት ካሜራ ይዘው አያውቁም። የተሰጣቸው ሥራ ኑሯቸውን ማንሣት፣ ከዚያም ተሰብስበው ስለ ፎቶው ማውራት ነው። ፎቶው ያማረ ይሁን አይሁን የጠየቀ የለም። የተፈለገው ወሬው ነበር።

ከፎቶዎቹ አንዱ እናት የበቆሎ ማሳ ስታርም ሕፃኗ ብቻውን መሬት ላይ ተኝቶ ያሳያል። እንግዳ ቢያነሣው «ውብ የገጠር ትዕይንት» ብሎ ያልፈው ነበር። ሴቶቹ ግን ሲያዩት ያወሩት ሌላ ነው፤ ልጅ የሚይዝ ሰው የለም፣ ሥራው አይቆምም፣ ሕፃናት ይጎዳሉ። ወሬው እስከ ባለሥልጣናት ጆሮ ደረሰ፤ የሕፃናት ማቆያ፣ የአዋላጅ፣ የሴት ልጆች ትምህርት ጉዳይ ተነሣበት። ዘዴው «ፎቶቮይስ» ተብሎ በዓለም ተስፋፋ። በዘዴው የሚጠየቁት ጥያቄዎች አምስት ናቸው፦ እዚህ የሚታየው ምንድን ነው? በእርግጥ እየሆነ ያለውስ? ከኛ ኑሮ ጋር ምን አገናኘው? ለምን እንዲህ ሆነ? ምን እናድርግ?

እዚሁ አዲስ አበባም ተመሳሳይ ነገር ተሠርቷል። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ አሜሪካዊው ኤሪክ ጎተስማን ወላጆቻቸውን በኤድስ ካጡ ልጆች ጋር ሠራ። «ሰደን ፍላወርስ» የተባለው ይህ የልጆች ቡድን ካሜራውን ራሱ ያዘ። ያ ዘመን የኤድስ ሕሙማን ፎቶ በየፖስተሩ፣ ፊት እየተሸፈነ፣ ስም እየተደበቀ የሚወጣበት ዘመን ነበር። እነዚህ ልጆች ግን የሚናገሩት «ስለ ወላጅ አልባ ሕፃናት» ሳይሆን ስለ እናታቸው ነበር። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2014 በመጽሐፍ ወጥቷል።

አልበም የማያሳየው

እ.ኤ.አ. በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘ መጽሐፍ ታተመ። ወንጌል አበበ፣ ናፍቆት ገበየሁና ጀርመናዊው ፊሊፕ ሹትዝ የከተማውን ነዋሪዎች አልበም ለምነው፣ ፎቶውን ከነታሪኩ ሰብስበው ያዘጋጁት ነው። ብዙ ወጣት ወደደው። ሚኒ ቀሚስ፣ አፍሮ፣ ቤል ቦተም ሱሪ፣ ቮልስዋገን ላይ ተደግፎ መነሣት... «ለካ እናቶቻችን እንዲህ ነበሩ!» ያላለ ማን አለ?

እኛም ወደድነው። ግን አንድ ነገር እንበል። አልበም የሚመርጠው ጥሩ ቀንን ነው። ሰው ሲያለቅስ፣ ሲራብ፣ ኪራይ ሲያጣ ፎቶ ቤት አይሄድም። በስተዳር ትሪ ይዛ ግማሽ ፊቷ የተቆረጠችው የቤት ሠራተኛ ስሟ ከጀርባው አይጻፍም። ቤል ቦተሙ ከተማ ላይ በሚታይበት በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ወሎ ላይ ሕዝብ በረሃብ ያልቅ ነበር። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ በአንድ አልበም ግን አይገኙም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምቢልቢ ስለ ረሃቡ የሠራው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስል ጋር ተቀጣጥሎ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ምስል ትርጉሙን የሚያገኘው አጠገቡ ከተቀመጠው ነገር ነው። አጠገቡ የሚያስቀምጠውም ሁልጊዜ የየዋህ እጅ አይደለም።

ጉርድ ፎቶ ምስክር ሲሆን

ነገሩ ቀልድ የማይሆንበት ቦታ መስቀል አደባባይ ጥግ ነው። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ ግድግዳ ሙሉ ፎቶ አለ። ብዙዎቹ የተነሡት ለታሪክ ተብሎ አይደለም። ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለጓደኛ ማስታወሻ የተነሡ ተራ ፎቶዎች ናቸው። የተስተካከለ ፀጉር፣ ትልቅ የሸሚዝ ኮሌታ፣ የኛ እኩያ ፊት።

እነዚህ ፎቶዎች እንዴት እንደተረፉ አስቡት። በ1969 ዓ.ም. አሰሳ ጊዜ ቤት ለቤት ሲፈተሽ መጽሐፍና ወረቀት ያቃጠለ፣ የቀበረ ቤተሰብ ብዙ ነው። አብሮ የተነሡት ፎቶ እንኳ «ከማን ጋር ነህ?» ሊያስብል ይችል ነበር። ጀርባው ላይ የተጻፈ ስም ሰው ሊያስገድል ይችል ነበር። በዚያ ዘመን የአንድ ልጅ ጉርድ ፎቶ ደብቆ ማቆየት ራሱ ድፍረት ነው። የደበቁት እናቶችና እኅቶች ፎቶ አንሺ አልነበሩም፤ ግን ያን ግድግዳ የሠሩት እነሱ ናቸው። እነሱ ባይኖሩ ፊቶቹ ቁጥር ብቻ ሆነው ይቀሩ ነበር።

የኛ ስልክና የነሱ ሣጥን

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንምጣ። የኛ ትውልድ በአንድ ሠርግ የሚያነሣው ፎቶ አያቶቻችን በዕድሜያቸው ሙሉ ከተነሡት ይበልጣል። ስልኩ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንም ሳንጠይቀው ይመዘግባል። «ለማን?» እና «ለምን?» የሚለውን ግን አይመዘግብም። ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ሲሰበር ደግሞ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ጀርባ የሌለው ፎቶ በዝቶልናል።

የባሰው ግን የነሱ ሣጥን ነው። በቁም ሣጥኑ ላይ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያሉት ፎቶዎች ብዙዎቹ ጀርባቸው ባዶ ነው። «ይሄ ማነው?» ብለን ስንጠይቅ የሚመልስልን ሰው አርጅቷል። ያ ሰው ሲያልፍ ፎቶው አይጠፋም፤ ማንነቱ ነው የሚጠፋው። ወረቀቱ ይቀርና የማናውቀው ሰው የማናውቀው በር ላይ ቆሞ ያየናል።

ስለዚህ ምክራችን አጭር ናት። ቡና ሲፈላ ሣጥኑን አውርዱ። እማማንም፣ አባባንም፣ አክስትንም አስቀምጡ። ስልካችሁን ድምፅ መቅጃ ላይ አድርጉ። አምስቱን ጥያቄዎች ጠይቁ፤ ዳር ላይ ስለተቆረጠችውም ልጅ መጠየቅ እንዳትረሱ። መናገር ካልፈለጉም ተዉአቸው፤ ዝም የሚባልበት ፎቶ አለ፣ ዝምታውም ምክንያት አለው። የተናገሩትን ግን በሚለቅ እስክሪብቶ ሳይሆን በእርሳስ፣ በለሆሳስ፣ ፎቶውን ሳትጎዱ ጀርባው ላይ ጻፉት። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ለማን።

ከዚያ የራሳችሁን ስልክ ክፈቱ። ከሺዎቹ መሐል አሥር ፎቶ ምረጡና አሳትሙ። ጀርባቸውን እናንተው ጻፉት፤ እናንተ ካልጻፋችሁት ሌላ ሰው ይጽፈዋልና።