በሥራ ቦታ አየር ውስጥ ያለ መርዛማ የኬሚካል ተን አለካክ

በቀለም፣ በማጣበቂያ፣ በቆዳና በነዳጅ ሥራ የተሰማሩ ሠራተኞች ለልዩ ልዩ ኬሚካሎች ተን ይጋለጣሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሥራው ሂደት በሠራተኞች ጤንነት ላይ ኬሚካላዊ ጉዳት እንዳያስከትል እንዲጠነቀቅ ያስገድዳል። ግዴታው መፈጸሙ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚታወቀው አየሩ በመሣሪያ ሲለካ ነው።

ሽታ አስተማማኝ መለኪያ አይደለም። በቆዳ ፋብሪካዎች ሰልፋይድ ያለበት ፍሳሽ ከአሲድ ጋር ሲቀላቀል የሚፈጠረው ሃይድሮጂን ሰልፋይድ የተሰኘ ጋዝ በአነስተኛ መጠን እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። መጠኑ ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ ወደ 100 እጅ ሲደርስ ግን የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል። በዚህን ጊዜ የሽታው መጥፋት የአደጋው መባባስ እንጂ መወገድ ምልክት አይሆንም።

ልኬቱ በሁለት ዋና ዋና መንገዶች ይካሄዳል። የመጀመሪያው ኬሚካሉ ሲነካው ቀለሙን በሚለውጥ የመስታወት ቱቦ የሚደረግ ፈጣን ልኬት ሲሆን፣ የሚያሳየው የአንድን አጭር ጊዜ ሁኔታ ብቻ ነው። ሁለተኛው የሠራተኛውን የሥራ ሰዓት የሚሸፍን ናሙና መውሰድ ነው። አነስተኛ ፓምፕ በሠራተኛው ቀበቶ ላይ፣ የተዘጋጀ ከሰል ያለበት ቱቦ ደግሞ ከአፍና ከአፍንጫው በ30 ሴንቲ ሜትር ክልል ውስጥ በኮሌታው ላይ ይደረጋል። በከሰሉ ላይ የተጠራቀመው ኬሚካል በላቦራቶሪ ተመዝኖ ቱቦውን ላለፈው አየር መጠን ይካፈላል። በመሆኑም የፓምፑ የአየር ፍሰት ከሥራው በፊትና በኋላ መረጋገጥ አለበት።

ውጤቱ ከተፈቀደው ጣሪያ ጋር ይነጻጸራል። ለአብነት የደም ካንሰር የሚያስከትለው ቤንዝን የተባለው ኬሚካል ከተሽከርካሪ ነዳጁ ቤንዚን የተለየ ቢሆንም፣ በነዳጁ ውስጥ በአነስተኛ መጠን ይገኛል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 ለዚህ ኬሚካል የ8 ሰዓት አማካይ ጣሪያውን ከሚሊዮን 1 እጅ፣ የ15 ደቂቃውን ደግሞ 5 እጅ አድርጋ ወስናለች። አንድ ሠራተኛ 4 ሰዓት በ0.5 እጅ፣ 4 ሰዓት ደግሞ በ2 እጅ ቢጋለጥ አማካዩ 1.25 እጅ ይሆናል። ጠዋት ብቻ የተለካ አየር ግን ቦታውን ደኅንነቱ የተጠበቀ ያስመስለዋል።

ስለሆነም ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ የሚቀርብ ሪፖርት ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የሥራውን ዓይነት፣ ናሙናው የተወሰደበትን ቦታና የቆየበትን ጊዜ መግለጽ ይገባዋል። መጠኑ ከጣሪያው በላይ ሲሆን ኬሚካሉን አደጋው በቀነሰ መተካትና ተኑን ከምንጩ የሚስብ የአየር ማስወጫ መትከል ቅድሚያ ይሰጣቸዋል። የመተንፈሻ ጭምብል እነዚህ በቂ ባልሆኑበት ጊዜ የሚወሰድ የመጨረሻ እርምጃ ነው።