መለጠፊያና ዓረፍተ ነገር፦ የነገሌ ቦረናንና የደቡብ ቆላ ከተሞችን ጽሑፎች በዊኪ ስለማስተሳሰር

ዊኪ ማንኛውም አንባቢ ሊጽፍበትና ሊያርመው የሚችል፣ ገጾቹም በማያያዣ እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ የድረ ገጽ ዓይነት ሲሆን፣ ስሙ «ፈጣን» የሚል ፍቺ ካለው የሃዋይ ቃል የተወሰደ ነው። የመጀመሪያውን ዊኪ ዋርድ ከኒንግሃም የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ በ1995 እ.ኤ.አ. ሠራው፤ በዚሁ ሥርዓት የሚሠራው ዊኪፔዲያም በጥር 2001 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። የአማርኛው እትም፣ ማለትም ውክፔዲያ፣ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች ቢኖሩትም ብዙዎቹ አጫጭር ስለሆኑ፣ አንባቢ በአንዱ ገጽ ያጣውን በሌላው እንዲያገኝ የሚያደርግ ማያያዣ ከሌላቸው ብቻቸውን የሚሰጡት ጥቅም ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ተዛማጅ ገጾችን ለማስተሳሰር ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱን፣ መለጠፊያን፣ በደቡብ ኢትዮጵያ በምትገኘው በነገሌ ቦረናና በአካባቢዋ ከተሞች ምሳሌነት ይመረምራል፤ መለጠፊያ ጠቃሚ የሚሆነው የተሠራበት የዝምድና መስፈርት ግልጽ ሲሆንና ዓረፍተ ነገርን ሳይተካ ሲቀር ብቻ መሆኑንም ያሳያል።

የመለጠፊያ አሠራር

መለጠፊያ በራሱ ገጽ አንድ ጊዜ ተጽፎ በብዙ ገጾች ላይ የሚታይ ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው የመለጠፊያውን ስም በሁለት ጥንድ ጥምዝ ቅንፎች መካከል ሲያስገባ፣ ሶፍትዌሩ ገጹን ለአንባቢ በሚያዘጋጅበት ጊዜ ይዘቱን ከመነሻው አምጥቶ በቦታው ያሳየዋል። ነገሌ፣ ያቤሎ፣ አሬሮ፣ ዱብሉቅ፣ ሜጋ፣ ሞያሌ፣ ፊልቱና ዶሎ ኦዶ የተዘረዘሩበት አንድ ሳጥን በስምንቱ ከተሞች ገጾች ግርጌ ቢለጠፍ፣ እያንዳንዱ ገጽ ወደ ሰባቱ ስለሚያመራ በጠቅላላው 56 ማያያዣዎች ይፈጠራሉ። ዘጠነኛ ከተማ መጨመር ቢያስፈልግ፣ ዝርዝሩ በእጅ የተጻፈ ከሆነ ስምንቱንም ገጾች እየከፈቱ ማረም ግድ ሲሆን፣ በመለጠፊያ ከሆነ ግን ሳጥኑን አንድ ጊዜ አርሞ በአዲሱ ገጽ ላይ አንድ መስመር ማስገባት ይበቃል። አንባቢው ያለበት ከተማ ስም በሳጥኑ ውስጥ ማያያዣ መሆኑ ቀርቶ በደማቅ ፊደል ስለሚታይ፣ በዝርዝሩ ውስጥ የት እንደቆመ ወዲያው ያውቃል።

ሐሳቡ ለኢትዮጵያ የጽሑፍ ባህል እንግዳ አይደለም። በአድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ጥንታዊ የግእዝ ወንጌሎች፣ በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረው የቂሳርያው አውሳብዮስ ያዘጋጃቸውን ሰንጠረዦች በመግቢያቸው ይዘዋል። አውሳብዮስ አራቱን ወንጌላት በቁጥር ከፋፍሎ፣ ተመሳሳይ ነገር የሚናገሩትን ክፍሎች በዘጠኝ ሰንጠረዦች፣ በአንድ ወንጌል ብቻ የሚገኙትን ደግሞ በአሥረኛው ስላሰለፈ፣ አንባቢ ከኅዳጉ ያገኘውን ቁጥር ይዞ ወደ ሰንጠረዡ ሲመለስ በሌላው ወንጌል የሚመሳሰለውን ክፍል ያገኛል። በአንድ ቦታ የተቀመጠ ሰንጠረዥ መጽሐፉን በሙሉ የሚያገለግልበት ይህ ሥርዓት ከመለጠፊያ ጋር በዓላማ አንድ ነው። አውሳብዮስ እያንዳንዱን ሰንጠረዥ በየትኞቹ ወንጌላት መስማማት እንደሚሠራው አስቀድሞ መወሰኑም ለዛሬው የመለጠፊያ ሠሪ ትልቅ ትምህርት ነው።

የዝምድና መስፈርት

ገጾች በምን መስፈርት ይዛመዱ የሚለው ጥያቄ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የደቡብ ቆላ ከተሞች ያሳያሉ። ነገሌ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች፤ ከዚያ በቦረና ዞን፣ ቀጥሎም በጉጂ ዞን ተጠቃልላ ከቆየች በኋላ፣ በ2015 ዓ.ም. ምሥራቅ ቦረና ዞን ሲዋቀር የአዲሱ ዞን መቀመጫ ሆነች፤ ውሳኔውም በአካባቢው ተቃውሞ አስነሥቶ ነበር። ስለዚህ «የዚህ ዞን ከተሞች» የሚል ሳጥን የሚሠራ ጸሐፊ ቴክኒካዊ ሥራ ብቻ አይሠራም፤ ከተማዋ የማን ናት ለሚለው ጥያቄም መልስ ይሰጣል፤ ያም መልስ ያለ ማብራሪያና ያለ ምንጭ በበርካታ ገጾች ላይ በአንድ ጊዜ ይታተማል። ሞያሌም በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል የተከፈለች፣ ከድንበሩ ማዶም በኬንያ አቻ ያላት ከተማ ስለሆነች በአንድ አስተዳደራዊ ሳጥን ልትወሰን አትችልም።

መንገድ መስፈርት ሲሆን የሚታየው ዝምድና ሌላ ነው። አንደኛው መንገድ ከዲላ በቡሌ ሆራ፣ ያቤሎን በአጠገቧ አልፎ፣ በዱብሉቅና በሜጋ አድርጎ ሞያሌ ሲደርስ፣ ሌላው ከአዶላ ወደ ነገሌ ወርዶ በፊልቱ በኩል ዶሎ ኦዶ ይገባል። ነገሌ በኦሮሚያ፣ ፊልቱና ዶሎ ኦዶ በሶማሌ ክልል ስለሚገኙ፣ በክልል የተከፋፈለ ሳጥን ከብት ነጋዴውና የጭነት መኪና ሾፌሩ በየቀኑ የሚያውቁትን ትስስር ይቆርጠዋል። ውኃም እንዲሁ የራሱን ዝምድና ይፈጥራል፤ ገናሌና ዳዋ በዶሎ አካባቢ ተገናኝተው ጁባን ሲፈጥሩ፣ ቱላ የሚባሉት የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶችና ጨው የሚወጣበት የኤል ሶድ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ሰፈራን፣ ከብት እርባታንና ንግድን በአንድ ያስተሳስራሉ። ከእነዚህ መስፈርቶች አንዱ ብቻ ትክክል ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን አንድ ሳጥን አንድ መስፈርት ሊኖረው፣ መስፈርቱም በርእሱ ላይ በግልጽ ሊነበብ ይገባል።

የስም ጉዳይም ከዚህ ጋር ይያያዛል። «ነገሌ» ብሎ የሚፈልግ አንባቢ ነገሌ ቦረናን ወይም አርሲ ነገሌን ሊፈልግ ስለሚችል በገጹ አናት ላይ ሁለቱን የሚለይ አጭር ማስታወሻ ያስፈልገዋል። ሀገረ ማርያምና ቡሌ ሆራ፣ ክብረ መንግሥትና አዶላም የየአንዳንዱ ከተማ ሁለት ስሞች በመሆናቸው፣ የቀድሞውን ስም የጻፈ አንባቢ ወደ ዛሬው ገጽ እንዲሻገር የሚያደርግ መምሪያ ሊዘጋጅ ይገባል። መለጠፊያው ራሱ ግን የገጹን ትክክለኛ ርእስ መያዝ አለበት፤ በመምሪያ በኩል የሚዞር ማያያዣ አንባቢው ያለበትን ገጽ በደማቅ ፊደል አያሳይምና።

የመለጠፊያ ወሰን

መለጠፊያ ሁለት ዋና ጉድለቶች አሉት። የመጀመሪያው፣ በገጽ ግርጌ የሚቀመጡ የማስተሳሰሪያ ሳጥኖች በዊኪፔዲያ የሞባይል ገጽታ ላይ ባብዛኛው የማይታዩ መሆናቸው ነው፤ ስለዚህ በስልኩ የሚያነብ የነገሌ ተማሪ፣ ትስስሩ በሳጥን ብቻ ከተገለጸ፣ ጨርሶ አያገኘውም። ሁለተኛው፣ ሳጥን ሁለት ገጾች መዛመዳቸውን እንጂ እንዴትና ለምን እንደሚዛመዱ አለመናገሩ ነው። ለምሳሌ፣ በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ የሰፈረው ጦር በምግብና በውኃ ችግር ምክንያት አምፆ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ጉዳዩን እንዲያጣሩ የላኳቸውን ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ማገቱ፣ ከየካቲቱ አብዮት ዋዜማ ክስተቶች አንዱ ነው። ይህ ግንኙነት በ«ኢትዮጵያ አብዮት» ሳጥን ውስጥ «ነገሌ» የሚል አንድ ቃል ቢጨመር አይገለጽም፤ ምክንያቱንና ውጤቱን የሚናገር፣ ማያያዣውንም በውስጡ የያዘ ዓረፍተ ነገር ያስፈልገዋል።

ገና ላልተጻፈ ገጽ የሚቀመጥ ቀይ ማያያዣም በልክ ሲሆን ቀጣዩን ሥራ ያመለክታል፤ ሳጥኑን ከሞላው ግን አንባቢን ወደ ባዶ ቤት ይመራል። ስለ ደቡብ ቆላ ከተሞች የሚጽፍ ሁሉ እንግዲህ አስቀድሞ ከተማዋን ከጎረቤቷ፣ ከመንገዷ፣ ከውኃዋና ከታሪኳ ጋር የሚያገናኙ ዓረፍተ ነገሮችን ከነምንጫቸው ይጻፍ፤ ሳጥኑን ከዚያ በኋላ ይሥራ። በመለጠፊያ የሚተሳሰሩት የተጻፉ ገጾች ናቸውና፣ የነገሌንና የጎረቤቶቿን ገጾች መጻፍ ከሁሉ የሚቀድም ሥራ ነው።