ከአዲስ ዓለም ወደ አዲስ አበባ፤ መናገሻው በተወደደው አገር የጸናበት ምክንያት

የኑሮ መወደድ ያስመረረው ሰው አገሩን ትቶ ኑሮ ወደ ረከሰበት ስፍራ ይሄዳል፤ ከሄደ በኋላ ግን «ልመለስን ወይስ ልቅር?» የሚለው ጥያቄ ይከተለዋል። ይህም ጥያቄ የአንድ ቤተ ሰብ ብቻ አይደለም። ከመቶ ሃያ ዓመት በፊት፥ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ የኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ከነሠራዊቱና ከነገበያው በዚሁ ጥያቄ ፊት ቆሞ ነበር። በአዲስ አበባ ማገዶ ጠፍቶ ኑሮ ስለ ከበደ፥ ንጉሠ ነገሥቱ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ስፍራ አዲስ ዓለምን ቆረቆሩ። ከሁለት ዓመት ያህል በኋላ ግን ሐሳቡ ተለውጦ መናገሻነቱ ለአዲስ አበባ ጸና። የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ፥ ኑሮዋ ተወዶ ልትተው ወደ ነበረችው ከተማ መመለስ ለምን እንደ ተመረጠ መመርመር ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩን በሚገባ ለመረዳት አስቀድሞ የቀድሞውን ልማድ ማስታወስ ያስፈልጋል። በመካከለኛው ዘመን ነገሥታቱ በአንድ ከተማ ተቀምጠው አይገዙም ነበር። በ1512 ዓ. ም. ወደ አገራችን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ያየው የንጉሡ ከተማ ድንኳን ነበረ፤ ሠራዊቱ አንዱን አገር ሲጨርስ ድንኳኑ ይነቀልና ወደ ሌላው ይሄዳል። ጎንደር በ1628 ዓ. ም. ገደማ በዐፄ ፋሲለደስ ከተቆረቆረ በኋላ ነገሩ ለብዙ ጊዜ ረጋ፤ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ግን መናገሻው እንደ ገና ወደ ደብረ ታቦርና ወደ መቅደላ ተዛወረ። እንግዲህ ስፍራ መለወጥ በዚያን ጊዜ እንደ ውድቀት የሚቆጠር ነገር አልነበረም። እንጨቱና ሣሩ ያለቀበትን ስፍራ ለጥቂት ዘመን ማሳረፍ፥ ሸክሙንም ለሌላው አገር ማካፈል የታወቀ የአስተዳደር ዘዴ ነበረ።

ምኒልክም የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በዚሁ ልማድ ሄደዋል። ከአንኮበር ወደ ልቼ፥ በ1870ዎቹም ወደ እንጦጦ ተዛወሩ። እንጦጦ 3000 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፥ ለመከላከል የሚመች አምባ ነው፤ ነገር ግን ብርዱ ብርቱ፥ ውሃውም ጥቂት ነበረ። በ1879 ዓ. ም. እቴጌ ጣይቱ በፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት፤ ቤተ መንግሥቱም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከተራራው ወደ ሜዳው ወረደ። ያ ሜዳ ባዶ አልነበረም። ፊንፊኔ እየተባለ የሚጠራ፥ የቱለማ ኦሮሞ ነዋሪዎች እርሻና ግጦሽ የነበረ አገር ነው። ይህን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከተማዋ ከዐድዋ ድል፥ ማለትም ከ1888 ዓ. ም. በኋላ እጅግ ሰፋች። መኳንንቱ እያንዳንዳቸው በየጉብታው ሰፍረው ጭፍሮቻቸውን በዙሪያቸው አሰፈሩ። የእንግሊዝ፥ የፈረንሳይ፥ የሩስያና የኢጣልያ ሌጋሲዮኖችም መጡ። ከዚህ ሁሉ ሰው ጋራ የእንጨት ፍላጎት አደገ፤ እንጀራው የሚጋገረው፥ ወጡ የሚሠራው፥ ጠላውና ጠጁ የሚጠመቀው፥ ቤቱ የሚማገረው፥ ኖራውና ጡቡ የሚቃጠለው በእንጨት ነውና። በቅርብ የነበረው ጥድና ወይራ ሲያልቅ እንጨት ቆራጩ በየዓመቱ ርቆ መሄድ ነበረበት። እንጨቱ በሰው ጀርባና በአህያ የሚመጣ ስለ ሆነ፥ የማገዶ ዋጋ ማለት በእውነቱ የመንገዱ ርዝመት ዋጋ ነው። ጫካው የግማሽ ቀን መንገድ ሲርቅ ሸክሙ የአንድ ቀን ሙሉ ድካም ይጠይቃል፤ የአንድ ቀን መንገድ ሲርቅ ደግሞ ማደሪያና ስንቅ ይጨመርበታል። የመናገሻ ጫካ በቤተ መንግሥት ጥበቃ ባይደረግለት ኖሮ እርሱም ሳያልቅ ባልቀረ።

ስለዚህ በ1893 ዓ. ም. ገደማ አዲስ ዓለም ስትቆረቆር ምክንያቱ ለሁሉ ግልጽ ነበረ። በዙሪያዋ ገና ያልተመነጠረ ደን ነበረ። ቤተ መንግሥት መሠራት ተጀመረ፤ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኝ መንገድም ተጠረገ። በቀድሞው ልማድ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በዚህ ባለቀ፤ አዲስ አበባም እንደ ልቼና እንደ እንጦጦ የቀድሞ ሰፈር ተብላ በቀረች ነበር። ሆኖም እንዲህ አልሆነም። የአዲስ ዓለሙ ሥራ ተቋረጠ፤ ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃም ለቤተ ክርስቲያን ተሰጥቶ የአዲስ ዓለም ማርያም ሆነ።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «አዲስ አበባን ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው» የሚል ነው። ይህ መልስ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ዓመታቱን ብናስተያይ ብቻውን እንደማይበቃ እናያለን። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በ1887 ዓ. ም. ገደማ ነው። ይህ ዛፍ ከአገሩ ጥድ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው እንደ ገና ያቆጠቁጣል። ቢሆንም ለማገዶና ለማገር እስኪደርስ አምስት ወይም ሰባት ዓመት ይፈልጋል። የመመለሱ ሐሳብ በቆረጠበት በ1894 እና በ1895 ዓ. ም. በከተማይቱ የነበረው ተክል የዚያን ሁሉ ሕዝብ ምድጃ የሚያሞቅ አልነበረም። ስለዚህ ባሕር ዛፍ በዚያን ጊዜ ተስፋ እንጂ ስንቅ አልነበረም። መንግሥት ደግሞ በተስፋ ብቻ ወደ ተወደደ አገር አይመለስም።

እንግዲህ ሌላውን ምክንያት መፈለግ አለብን። በእኛ አስተያየት የተለወጠው የእንጨቱ ዋጋ ሳይሆን የመልቀቁ ዋጋ ነው። ድንኳን ተነቅሎ በበቅሎ ይጫናል፤ በአዲስ አበባ ግን በ1890ዎቹ ሊጫን የማይችል ነገር ተከማችቶ ነበር። ከእንጦጦ ወደ ቤተ መንግሥቱ ውሃ በቧንቧ ወርዷል። ከሐረር የመጣው የስልክ ሽቦ እዚያው ደርሷል። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር፥ በ1895 ዓ. ም. ድሬ ዳዋ የደረሰው፥ ዓላማው አዲስ አበባ ነበረ። በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ የነጋዴዎች ሁሉ መገናኛ ሆኗል። ሌጋሲዮኖቹ ሰፊ ቦታ ተቀብለው መሥራት ስለ ጀመሩ ሌላ ስፍራ ሄደው እንደ ገና መጀመርን አልወደዱም፤ ቤት የሠሩ መኳንንትም እንዲሁ። በአንድ በኩል ውድ ማገዶ፥ በሌላው በኩል የአሥራ አምስት ዓመት ድካም በሚዛን ሲቀመጥ፥ ድካሙ ከበደ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር በአስተያየታችን ከሁሉ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ውሳኔውን ባሕር ዛፉ አመጣው ከማለት ይልቅ፥ ባሕር ዛፉን ውሳኔው አስፋፋው ማለት ለእውነት ይቀርባል። ነገ ድንኳኑን እንደሚነቅል የሚያውቅ ወታደር ከሰባት ዓመት በኋላ የሚቆረጥ ዛፍ አይተክልም። መናገሻው እንደማይሄድ በታወቀ ጊዜ ግን መትከል ትርፍ ያለው ሥራ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ችግኝ በርካሽ እንዲታደል፥ ባሕር ዛፍ የተተከለበትም መሬት ከግብር ነጻ እንዲሆን ማድረጋቸው ይነገራል። ከዚህም በኋላ የተደረጉት ነገሮች ይህንኑ ያጸናሉ። በ1898 ዓ. ም. ባንክ ተከፈተ፤ በ1900 ዓ. ም. ሚኒስትሮች ተሾሙ፤ በዚያው ዓመት የአዲስ አበባን መሬት ርስት አድርጎ ለመያዝና ለመሸጥ የሚያስችል ደንብ ወጣ፤ በ1901 ዓ. ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1909 ዓ. ም. ባቡሩ ራሱ ደረሰ። የመሬቱ ደንብ በተለይ የሰፈርን ዘመን ዘግቶ የከተማን ዘመን የከፈተ ነው። ሰፈር የንጉሡ ነው፤ ከተማ ግን ቦታ የገዛው፥ ዛፍም የተከለው ሰው ሁሉ ነው።

ይሁን እንጂ መመለሱ ለሁሉ እኩል ጥቅም ነበረ ለማለት አንደፍርም። በቀድሞው ልማድ መናገሻ ሲነቀል መሬቱ ያርፋል፤ ባላገሩም ከሸክሙ ይገላገላል። ይህች ከተማ ግን ለመቅረት ስለ ወሰነች፥ የፊንፊኔ ሜዳ የቀድሞ ነዋሪዎች መሬታቸው የሚመለስበት ቀን ቀረ። ማገዶውም ቢሆን ከውድነቱ ተላቀቀ አይባልም። ባሕር ዛፉ እንጨቱን ወደ ከተማዋ ቢያቀርበውም፥ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ከእንጦጦ ወገብ ሰባሪ ሸክም እያወረዱ የከተማዋን ምድጃ ያነደዱ ድኾች ሴቶች ናቸው። ዛፉ ውሃ ይመጥጣል የሚል ክስም ቶሎ ተነሣ፤ በ1905 ዓ. ም. ገደማ ከተተከለው ብዙው እንዲነቀል ታዝዞ ትእዛዙ ሳይፈጸም ቀርቷል። ቤተ መንግሥቱ በእንጨቱ ዋጋ ጉዳይ ያሸነፈ ቢመስልም፥ ዋጋው በአብዛኛው ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው ትከሻ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም።

ከዚህ በላይ የተመለከትነውን በአጭሩ ስንሰበስበው፥ አዲስ አበባ የጸናችው ኑሮዋ ስለ ረከሰ አይደለም፤ ትቷት መሄድ ስለ ተወደደ ነው። መድኃኒቱ የተገኘው ከውሳኔው በኋላ ሲሆን፥ እንዲገኝ ያደረገው የውሳኔው ጽናት ነው። ስለዚህ የዋና ከተሞቻችንን ታሪክ የምናጠና ሁሉ፥ «ስፍራው ምን ያስወጣ ነበር?» ብለን ስንጠይቅ፥ «መልቀቁስ ምን ያስወጣ ነበር? ሒሳቡንስ የከፈለው ማን ነው?» ብለን መጨመር ይገባናል። የአዲስ ዓለም ማርያም ሕንፃ ዛሬም ቆሞ የሚታይ ስለ ሆነ፥ ለዚህ ጥያቄ ከመጻሕፍት ቤት ውጭ የተገኘ ጥሩ መነሻ ነው።