የሕክምና ተማሪ ሸክም፤ ትናንትና ዛሬ

ማለዳ በጎተራ ማሳለጫ በኩል ወደ መኻል ከተማ ከሚጎርፈው ሕዝብ መካከል ነጭ ጋዋኑን በክንዱ ያንጠለጠለ ወጣት መታየቱ እንግዳ ነገር አይደለም። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር በዚሁ አልፎ ወደ ለገሐርና ወደ ሜክሲኮ ያመራል፤ ከዚያም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። ጋንዲ መታሰቢያና ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታሎችም የሕክምና ተማሪዎች በየተራ ለልምምድ የሚመደቡባቸው ናቸው። ወጣቱ የተሸከመው ሸክም ግን ከእርሱ ዕድሜ በእጅጉ የቆየ ነው፤ ምንጩን ለመረዳት ወደ ኋላ መለስ ብሎ ታሪክን መመርመር ያስፈልጋል።

የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን የሕክምና ተማሪዎች ትምህርቱን ያገኙት በባዕድ አገር ነበር። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ገና ሕፃን ነበሩ። የእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ህንድ ወስደው አሳደጓቸው፤ ቻርልስ ማርቲን ተብለውም ተጠሩ። እ.ኤ.አ. በ1882 በላሆር የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጽመው፣ ቆየት ብለውም በስኮትላንድ ተጨማሪ የሙያ ማረጋገጫ አግኝተው፣ ከዓድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ጠፍቷቸው ነበር። ሐኪም መላኩ በያን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1935 በዋሽንግተን ከሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ፤ በዚያው ዓመት ኢጣልያ ኢትዮጵያን ስለወረረች ሙያቸውን በሰላም ሊሠሩበት አልታደሉም። የእነዚህ ሰዎች ሸክም ስደትና ብቸኝነት ነበር።

ትምህርቱ ወደ አገር ቤት ሲገባ ሸክሙ መልኩን ለወጠ። በደምቢያ ብዙ ሕዝብ የፈጀ የወባ ወረርሽኝ ከተከሰተ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች በአንድ ቡድን ተደራጅተው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች እየተላኩ ይሠለጥኑ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ተማሪው የሕዝቡን ኑሮ በዓይኑ አይቶ ተምሯል። ይሁን እንጂ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የኢትዮጵያ የጤና ተማሪ የባለሙያ እጥረት መሙያም ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1964 በአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ፤ በ1960ዎቹም ጥቁር አንበሳ ተከፍቶ ዋና የማስተማሪያ ሆስፒታል ለመሆን በቃ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከምሥራቅ ጀርመን የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በጎንደር የሐኪሞች ትምህርት ተጀመረ፤ ቀጥሎም ጅማ ተማሪዎችን ከኅብረተሰቡ መካከል የሚያስተምር ተቋም ይዛ ብቅ አለች።

የተማሪው የዕለት ኑሮ በእነዚህ ሁሉ ዘመናት ብዙ አልተለወጠም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሰውነትን ክፍሎች ስም ይሸመድዳል፤ በአንድ አስከሬን ዙሪያ ከብዙ ጓደኞቹ ጋር ተጋፍቶ ይማራል። መጽሐፉ ውድ ስለሆነ ከቀደሙት ተማሪዎች የተላለፈ ማስታወሻ ይገለብጣል። ቀጥሎ ወደ ሆስፒታል ሲሸጋገር በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናትና በማኅፀን ሕክምና ክፍሎች ይዘዋወራል። ጠዋት በሕሙማን አልጋ ዙሪያ መምህሩ ሲጠይቀው፣ መልስ ያጣ እንደሆነ በጓደኞቹና በበሽተኛው ፊት ያፍራል። በመጨረሻው ዓመት ተለማማጅ ሐኪም ሲሆን ደም ይቀዳል፣ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ያደርሳል፣ ቃሬዛ ይገፋል፣ ሌሊቱን በተረኝነት ያድራል፤ በማግስቱም ሥራው ይቀጥላል።

ከዚህም ሌላ ብዙ የማይነገርለት የቋንቋ ድካም አለ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ በሽተኛው ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሌላ የአገሩ ቋንቋ ይናገራል። አንዲት እናት «ልቤን ያጥወለውለኛል» ስትል ሕመሟ ከሆዷ እንጂ ከልቧ ላይሆን ይችላል። «ኩላሊቴን አመመኝ» የሚልም ሰው ብዙ ጊዜ ወገቡን ማለቱ ነው። ተማሪው ይህን ትርጉም ከመጽሐፍ አያገኘውም፤ እየተሳሳተና እየታረመ ከሕዝቡ ይማረዋል። በቤት ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ዘመድ ጎረቤቱ «ዶክተር» እያለ ይጠራዋል። ስሙ ክብር ቢሆንም፣ በፈተና የወደቀ ዕለት ለማን ደፍሮ እንደሚናገር ግራ ያጋባዋል።

በ2004 ዓ.ም. መንግሥት የሐኪሞችን ቁጥር ለማሳደግ በ13 ተቋማት አዲስ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር ጀመረ፤ የተማሪዎችም ብዛት በፍጥነት ጨመረ። አገሪቱ ሐኪም ያስፈልጋት ስለነበር ዓላማውን ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ነገር ግን ድልድይ የሚሠራ ሰው ምሰሶው የሚችለውን ክብደት አስቀድሞ ያሰላል። መምህሩ፣ አልጋው፣ ቤተ መጻሕፍቱና የመኝታ ክፍሉ ከተማሪው ቁጥር ጋር እኩል ካላደጉ፣ የጎደለው ሁሉ በተማሪው ጫንቃ ላይ ያርፋል።

ይህ ችግር የድሃ አገር ብቻ ሆኖ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1984 በኒው ዮርክ አንዲት የ18 ዓመት ወጣት ሆስፒታል በገባች በሰዓታት ውስጥ በመሞቷ፣ የሠልጣኝ ሐኪሞች ድካም የአደባባይ ክርክር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1989 የግዛቲቱ ደንብ የሥራ ሰዓታቸውን በሳምንት በ80 ወሰነ፤ በ2003 ደግሞ ወሰኑ በመላ አሜሪካ ተሠራበት። 80 ሰዓትም ቢሆን ጥቂት አይደለም፤ ቁም ነገሩ ግን ድካም የግል ድክመት መሆኑ ቀርቶ የሚለካና የሚገደብ ነገር ተደርጎ መቆጠሩ ነው።

በኢትዮጵያም ትዕግሥት የሐኪም ዋና ባሕርይ ተደርጎ ሲመሰገን ኖሯል፤ ሊመሰገንም ይገባዋል። ሆኖም የተቋማትን ጉድለት በተማሪ ትዕግሥት መሸፈን ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ዋጋውን መጀመሪያ የሚከፍለው ተማሪው ነው፤ ቀጥሎ የሚከፍለው እንቅልፍ ባጣ እጅ የሚታከመው በሽተኛ ነው። ስለዚህ ለአዲስ ተማሪ መቀበያ ቁጥር በሚወሰንበት ጠረጴዛ ላይ የመምህራኑ፣ የአልጋዎቹና የእረፍት ሰዓቱ ቁጥርም አብሮ ሊቀርብ ይገባል።