ፍየል ሲረክስ፦ የወሎ ረሃብና የነጻ ገበያ ወሰን

አባቴ የአበርገሌ ሰው ነው። በ1965 ዓ.ም. ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ከአያቴ ጋር 12 ፍየሎች እየነዳ ከተከዜው ቆላ ወደ ሰቆጣ ገበያ እንደ ወጣ ደጋግሞ አውግቶኛል። የፍየሎቹ ዋጋ ተደምሮ የገዛላቸው እህል ለአንድ አህያ እንኳ ሙሉ ጭነት አልሆነም። ልጅ ሳለሁ «እህሉ አልቆ ነበር ወይ?» ብዬ ስጠይቀው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «እህልማ ገበያው ላይ ነበረ፤ ያለቀው የፍየሉ ዋጋ ነው»። ያኔ አልገባኝም። ዛሬ የምጣኔ ሀብት መምህር ሆኜ ስለ ዋጋና ስለ ገበያ ሳስተምር ግን ይህች ንግግር ከመማሪያ መጻሕፍቱ ይልቅ ትከነክነኛለች።

አዳም ስሚዝ በ1776 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ፣ የእህል እጥረት ወደ ረሃብ የሚለወጠው መንግሥት በንግዱ ጣልቃ ሲገባ ነው ብሎ ተከራክሯል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ እህል በጠፋበት አገር ዋጋው ይንራል፤ ነጋዴው ትርፍ ፍለጋ እህሉን ከተረፈበት ወደ ጎደለበት ይጭናል፤ ጉድለቱም ይሞላል። ዋጋ የችግር መልእክተኛ ነው ማለት ነው። የወሎ ረሃብ ይህን ሐሳብ ፈተነው።

አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የድህነትና የረሃብ ጥናቱ፣ ዋግ በጊዜው አንድ አውራጃው የነበረበትን የወሎን ጠቅላይ ግዛት መረመረ። በወሎ ምርቱ ክፉኛ ቀንሷል፤ በመላ ኢትዮጵያ ግን የነበረው ምግብ ከወትሮው እምብዛም አላነሰም። ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ ሕዝብ እየረገፈ የደሴ የእህል ዋጋ ከድርቁ በፊት ከነበረው ብዙም አለመራቁ ነው። ጭራሽ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህል ነበር። አየርላንድም በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ሕዝቧ በረሃብ ሲያልቅ ምግቧ ወደ እንግሊዝ ይጫን ነበር።

ይህ እንዴት ሆነ? ገበያ የሚሰማው የሆድን ጩኸት ሳይሆን የኪስን ድምፅ ነውና። የወሎ ገበሬ አዝመራው ሲጠፋ የጠፋው ምግቡ ብቻ አልነበረም፤ ገቢውም ጭምር እንጂ። ከብቱንና ፍየሉን ሁሉም በአንድ ሳምንት ወደ አንድ ገበያ ሲያወጣ ዋጋው ወደቀ። የሚገዛበት ስለሌለው ፍላጎቱ በዋጋ ላይ አልታየም፤ መልእክተኛውም ሳይላክ ቀረ። በእርግጥ የሴን ድምዳሜ ያለ ተቃውሞ አላለፈም። ደሴ የአውራ ጎዳና ከተማ ናት፤ የእርሷ ዋጋ መኪና የማይደርስባቸውን ገደላማ ወረዳዎች አይወክልም ያሉ አሉ። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ነገር ግን መንገድም ቢሆን ገበያ በራሱ የማይሠራው ነገር መሆኑን ያስታውሰናል።

የሙያ ባልደረቦቼ እዚህ ላይ «ይህ የገበያ ጉድለት አይደለም፤ ገበያው ባለው የሀብት ክፍፍል ላይ ተመሥርቶ ሥራውን ሠርቷል» ይሉኛል። በመጽሐፍ ትርጓሜ ከሄድን ከፊል እውነት አላቸው። ሆኖም የአያቴ ፍየሎች ዝናብ ሲመለስ ዋጋቸው እንደሚያገግም ሁሉም ያውቅ ነበር። በእነርሱ ዋስትና እህል የሚያበድር ባንክ፣ ለድርቅ ካሳ የሚከፍል መድን ቢኖር ኖሮ ባልተሸጡ ነበር። ድርቅ ሁሉን በአንድ ጊዜ ስለሚመታ ግን የግል መድን ሰጪ አይደፍረውም፤ አበዳሪም ይሸሻል። ይህ ጥርት ያለ የገበያ ጉድለት ነው። በ1994 ዓ.ም. በተቃራኒው ምርት ሲትረፈረፍ፣ ማከማቻና ብድር በመጥፋቱ የበቆሎ ዋጋ ተንኮታኮተ፤ በቀጣዩ ዓመት ድርቅ ሲመጣ ከ12 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ።

እንግዲህ ገበያውን እንዝጋው? ይህንንም ሞክረነዋል። ደርግ የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽንን አቋቁሞ፣ ገበሬውን በኮታና በቁርጥ ዋጋ አስሮ፣ እህል ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እንዳይዘዋወር ኬላ ተከለ። በ1977 ዓ.ም. የዋግ ሰው ወደ ኮረም መጠለያ ሲጎርፍ የተረፈው አካባቢ እህል በነጋዴ እጅ ሊደርስለት አልቻለም። በላዩ ላይ ጦርነት ነበረ። ቁጥጥሩ የተነሣው በ1982 ዓ.ም. ነው። አንዱ ሥርዓት የድሀውን ድምፅ አልሰማም፤ ሌላው ደግሞ መስሚያውን ራሱን ደፈነው።

ከሁለቱም የምንማረው አለ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ለድሀው ጥሬ ገንዘብ መስጠቱ ትክክለኛ ሐሳብ ነበር፤ ኪሱ ከተሞላ ነጋዴው ይመጣለታልና። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲተኮስ ግን ያው ገንዘብ ዋጋ አጣ፤ ብዙዎች «እህሉን ስጡን» አሉ። ስለዚህ ገንዘቡ ከመጠባበቂያ እህል ጋር ሊጣመር፣ ከብትና ፍየል ደግሞ ሳይከሱ በደህና ዋጋ ሊገዙ ይገባል።

በ2016 ዓ.ም. በዋግ ኽምራ ድርቅ ዳግም ሲከሰት አበርገሌ ከተጎዱት ወረዳዎች አንዷ ነበረች። የዚያን ሰሞን አባቴ በስልክ የጠየቀኝ ስለ ዝናቡ አልነበረም። «ፍየሉ ስንት እየተሸጠ ነው ይላሉ?» አለኝ። ባለሥልጣኖቻችንም ከዝናብ መለኪያው ጎን ይህን ጥያቄ ቢጠይቁ፣ ረሃብ ሳይደርስ ወሬው በደረሳቸው ነበር እላለሁ።